ሽማግሌው ለቡራኬ፤ ምክሩስ ለማን?

ባለፈው ጽሑፌ መጨረሻ ላይ በውጭ ስላለው ሚዲያችን እጽፋለሁ ብዬ ቀጠሮ ሰጥቼ ነበር። እሱ ይቆየኝ። ዛሬ ሰሞኑን ከልቤ አልወጣ ያለኝን አንድ ጉዳይ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። በምኖርበት ከተማ ያሉ ወጣቶች ለመጪው ወር ሕዝባዊ ስብሰባ ጠርተዋል። ስለ አገራችን ሁኔታ ልንመካከር ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ደወለልኝና «ስብሰባውን በቡራኬ የሚከፍቱልን አንድ አባት ፈልግልን፤ ሽበት ያላቸው፣ ጋቢ የሚያምርባቸው ቢሆኑ ደስ ይለናል» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም። «ከቡራኬው በኋላስ?» አልኩት። «ከዚያማ ወደ አጀንዳው እንገባለን፤ አባታችንን ከፊት ወንበር እናስቀምጣቸዋለን» አለኝ።

ልጁ ጨዋ ነው፤ ምንም ክፋት አልነበረበትም። ታላላቆቹን አክብሮ መናገሩ ነበር። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ውስጥ የሆነ ነገር ድቅን አለብኝና እንቅልፍ አጣሁ።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነበር። የግንቦት 7ቱ ምርጫ በደም ተደምድሞ፣ የሕዝብ መሪዎች ቃሊቲ ገብተው፣ እኛ በውጭ ያለነው ደግሞ በቁጣ የምንነድበት ወቅት። በዚህ ከተማም እንደ ሌላው ሁሉ አንድ የድጋፍ ማኅበር አቋቁመን ለእስረኞች ቤተሰቦች ገንዘብ እናሰባስብ ነበር። የታክሲ ነጂው፣ ነርሷ፣ ሌሊት ሆቴል የሚያጸዳው ሁሉ ያለውን ሰጠ። ታዲያ ጥቂት ወራት እንደሄድን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ለሁለት ተሰነጠቀ። ምክንያቱን ዛሬ ብትጠይቁኝ በትክክል ማስረዳት አልችልም። ብቻ አንዱ ወገን ሌላውን «ሥልጣን ፈላጊ» ይላል፤ ሌላው «ሰርጎ ገብ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የየራሳቸው የፓልቶክ ክፍል አላቸው፤ ቀን ከሌት የሚሰማው እሱው ሆነ።

በመጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ከአዳራሹ መካከል አንድ ሰው ተነሡ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እኛ ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። ስልሳን ተሻግረዋል፤ ቀን ቀን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ይሠራሉ። ያሉት አጭር ነበር። «ልጆቼ፣ እኔ ይህን መንገድ ሄጄበታለሁ፤ ወዴት እንደሚያደርስ አውቃለሁ። መጣላታችሁ አይቀርም፤ አትጣሉ አልላችሁም። ገንዘቡን ግን ከሁለታችሁም እጅ አውጡት። ሁለታችሁም የምታምኑት አንድ የሕግ ሰው ይያዘው፤ ለቤተሰቦቹ በየወሩ የሚሄደው አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ። ከዚያ በኋላ የምትለያዩበትን ነገር በአንድ ገጽ ጻፉና ሳምንት አሳድራችሁ አንብቡት።»

ከኋላ አንዱ ጮኸ። «ማን ነው የላከህ?» አለ። ልብ በሉ፤ «የላከዎት» አላለም፣ «የላከህ» ነው ያለው። ያንን አዳራሽ የሞላነው ሰዎች ሁላችንም ትልቅ ሰው ሲመጣ ከወንበር ተነሥተን ያደግን ነን። አንዲት ፊደል ስትለወጥ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠፋውም። ሳቅ ሆነ፤ ፉጨት ሆነ፤ «ይቀመጥ! ይቀመጥ!» ተባለ። ጋሼ ቆባቸውን አነሡ፤ የጠጡበትን የወረቀት ኩባያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አደረጉና ወጡ።

እኔስ? እኔ አልሳቅሁም። ግን አልተነሣሁምም።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ጋሼ እንዳሉት ሆነ። ሁለቱ ወገኖች ለባንኩ ሁለት ደብዳቤ ላኩ፤ ባንኩም ማን እንደሚፈርም እስኪለይ ብሎ ሒሳቡን ዘጋው። ጠበቃ ተቀጠረ፤ በኋላም ሌላ ጠበቃ ተቀጠረ። እኛ እርስ በርሳችን ስንካሰስ አገር ቤት ባሏ የታሰረባት ሴት የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ በብድር ከፈለች። ይህን የምጽፈው የማንንም ገመና ለማውጣት አይደለም፤ ማኅበሩም ከፈረሰ ቆይቷል። ከፍራንክፈርትም ሆነ ከሪያድ የምታነቡኝ ወገኖቼ ግን በየከተማችሁ የዚህን መንትያ ሳታውቁ አትቀሩም።

ጋሼ «ሄጄበታለሁ» ያሉትን መንገድ የጠየቅኋቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ወጣት ሳሉ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር አባል ነበሩ። ያ ማኅበር በ1963 ዓ.ም. ክረምት ሎስ አንጀለስ ላይ 19ኛ ጉባኤውን ሲያደርግ ለሁለት ተሰንጥቋል። ያኔም «አድርባይ» እና «ከሃዲ» የሚሉት ቃላት እንደ ጠጠር ይወረወሩ እንደነበር ነገሩኝ። በውጭ አገር በወረቀት የተጀመረው ጠብ አገር ቤት ሲገባ ወደ ጥይት ተለወጠ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ማን ማንን እንደገደለ ታውቃላችሁ። በአንድ የተማሪዎች ማኅበር አብረው የዘመሩ ልጆች ናቸው ኢሕአፓና መኢሶን ተብለው የተላለቁት፤ ደርግም ሁለቱንም በየተራቸው ጨረሳቸው። «እኛም እኮ በዚያን ጊዜ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነውን ሁሉ አድኃሪ እንለው ነበር» አሉኝ ጋሼ። «ያ ልጅ ማን ላከህ ሲለኝ የራሴን ድምፅ ነው የሰማሁት።»

ይህ አባባላቸው ወደ ኋላ መለሰኝ። የዚያ ትውልድ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ወጣቶቹ ደም ነው። ከወጣቶቹ በፊት ግን የሽማግሌዎቹ ደም ነበር የፈሰሰው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.። በዚያች ሌሊት ደርግ 60 የሚያህሉ ሰዎች ያለ ፍርድ ገደለ። ስለ ግፉ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ዛሬ የማነሣው ሌላ ነገር ነው። ከተገደሉት መካከል ሦስቱን ብቻ እንውሰድ። አንዱ ከ1953 እስከ 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤና በተባበሩት መንግሥታት ፊት የተከራከሩት እሳቸው ነበሩ። ሁለተኛው ራስ አስራተ ካሳ ናቸው፤ ከ1956 እስከ 1963 ዓ.ም. ግድም የኤርትራ እንደራሴ ሆነው የሠሩ። ሦስተኛው በዚያው ምሽት መኖሪያ ቤታቸው ተከቦ በተኩስ ልውውጥ የተገደሉት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ናቸው። ጄኔራል አማን የደርግ ሊቀ መንበር ነበሩ። በትውልድ ኤርትራዊ፣ በሶማሊያ ግንባር የተፈተኑ የጦር መሪ ነበሩ። ኤርትራ ድረስ ሄደው ሕዝቡን አነጋግረው ሲመለሱ የሰጡት ምክር «ይህ ነገር በጦር አይፈታም» የሚል ነበር። ተጨማሪ ጦር መላኩንም፣ የታሰሩትን ሰዎች መግደሉንም ተቃወሙ።

እንግዲህ አስቡት። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ወደ 17 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ልጆቿን የምትማግድበትን ጉዳይ፣ የኤርትራን ጉዳይ፣ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች በአንድ ሌሊት ጠፉ። አንዱ በዓለም አደባባይ የተሟገተበት፣ አንዱ ያስተዳደረው፣ አንዱ ደግሞ የሰላም መንገድ የፈለገለት። ሦስቱ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር። አክሊሉና አስራተ በኤርትራ ጉዳይ ለዓመታት የተቃረኑ ሰዎች ናቸው። ስሕተት አልሠሩም የሚልም ካለ ታሪክ አላነበበም፤ ፌደሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. የፈረሰው አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ ነው። ነገር ግን የተሳሳተ ሰው እኮ ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ ያውቃል። ደርግ የገደለው ያንን እውቀት ነው። የሚገርመው ደግሞ በዚያን ጊዜ የባለሥልጣናቱን ጉዳይ በሕግ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ ነበር። አክሊሉ በእስር ሳሉ የጻፉት ማስታወሻ ኋላ ታትሞ ደርሶናል። አንብቡት፤ ብዙ ቀርቶባችሁ እንደነበር ታያላችሁ።

ጦርነቱ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ቀጠለ። ያለቀውም ጄኔራሉ እንዳስጠነቀቁት ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል ያገሬ ሰው፤ መከራው ግን የመከረው እምቢ ያለውን ሳይሆን የባላገሩን ልጅ ነው።

መቸም እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። «ንጉሡስ ሽማግሌ አልነበሩም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ነበሩ። ከዙፋን ሲወርዱ 82 ዓመታቸው ነበር፤ ወሎ ሲራብ ያ ሁሉ ዕድሜና ልምድ ለወሎ ገበሬ አልደረሰለትም። ሽበት ብቻውን ምክር አይሆንም። በእኛ በውጭ ባለነው መካከልም ማይክራፎን ከያዙ የማይለቁ፣ ስለ 1966ቱ አብዮት ሁለት ሰዓት አውርተው ስለ ዛሬው አንድ ቃል የማይተነፍሱ አባቶች አሉን፤ ምን ያደርጋል። እኔ የምለው ዕድሜውን አምልኩት አይደለም። ነገሩን በእጁ የነካው፣ የሞከረው፣ የወደቀበት ሰው ሲናገር ቢያንስ እስኪጨርስ እንስማው ነው።

የሮብዓምን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። የሰለሞን ልጅ የሽማግሎችን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን ሰማና መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለች፤ አሥሩ ነገድ ሄደ። ስንሰብከው ግን አንድ ነገር እንዘላለን። ሮብዓም ሽማግሎቹን አልሰደበም። አስጠርቶ ጠየቃቸው፤ አዳመጣቸውም። ለሕዝቡም «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ» ብሎ ጊዜ ወሰደ። በሥርዓቱ በኩል ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ምክሩ ሲከብደው መቀበሉ ላይ ነው፤ ለሕዝቡ ዝቅ በል፣ በለሰለሰ ቃል መልስላቸው ነበር ያሉት። እኛም የምንቸገረው እዚያ ላይ ነው። ጉልበት መሳሙን እናውቅበታለን። የምንጠላውን ነገር የሚነግረንን አባት መታገሥ ነው የሚያቅተን።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን እናስታውስ። ያ የ1967ቱ መርማሪ ኮሚሽን ውስጥ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን ከመሠረቱት ዋነኛው ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ከቅንጅት መሪዎች ጋር ሲታሰሩ 75 ዓመታቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፋቸውን ይዘን በዋሽንግተን ጎዳና ላይ ያልጮኽን የለንም። ከእስር ወጥተው እኛ የማንወደውን ነገር መናገርና መጻፍ ሲጀምሩስ? በእነዚሁ ድረ ገጾች ላይ የወረደባቸውን ስድብ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። «አረጁ» ተባሉ፤ «ጃጁ» ተባሉ። «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ሲወጣ ሳያነብ የተቆጣው ካነበበው ይበዛ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ ግን ሁላችንም የሐዘን መግለጫ ጻፍን። እኔም ጽፌያለሁ። ከወር ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ጦርነቱ ፈነዳ።

ጦርነቱን ካነሣሁ ወደ መቀሌ ልውሰዳችሁ፤ በዚህ ጉዳይ ኑዛዜ አለብኝ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ተራዝሞ፣ የትግራይ ክልል በበኩሉ የራሴን ምርጫ አደርጋለሁ ብሎ፣ ሁለቱ ወገን ዓይንና ናጫ ሆነው ሳለ፣ ከ50 የሚበልጡ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎችና ታዋቂ ሰዎች ወደ መቀሌ ሄዱ። የክልሉ መሪዎች ተቀብለው አነጋገሯቸው። መልሱ ግን ችግሩ ያለው እዚያ ስለሆነ አስቀድማችሁ ከፌደራል መንግሥቱ ጋር ተነጋገሩ የሚል ዓይነት ነበር። ከዚያ በኋላ ከሁለቱም በኩል ጎልቶ የሚሰማው የሽማግሌ ቃል ሳይሆን የጦር ፉከራ ሆነ።

እኛስ በውጭ ያለነው? ሳቅንባቸው። ግማሹ «የመንግሥት ተላላኪዎች» አላቸው፤ ግማሹ «ወያኔን ሊለምኑ ሄዱ» አለ። ሽማግሌዎቹ በተደረደሩበት ፎቶግራፍ ላይ ቀልድ ተጽፎ ዞረ፤ ለእኔም ተላከልኝ። አንብቤ ሳቅሁና ለሁለት ጓደኞቼ አሻገርኩት። ያ ከሆነ አምስት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ተጀመረ። ሁለት ዓመት ወሰደ። ስንት ሰው እንዳለቀ ሁሉም የሚስማማበት ቁጥር እስከ ዛሬ የለም፤ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ እስከ 600 ሺህ ሰው ሳያልቅ እንዳልቀረ ተናግረዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ሁለቱን ወገን ካስቀመጧቸው ሰዎች አንዱ እኚሁ ኦባሳንጆ ናቸው። የ85 ዓመት ሽማግሌ። የናይጄሪያው ሽማግሌ፣ የኬንያው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና የደቡብ አፍሪካዋ ወይዘሮ ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ። በራሳችን ቋንቋ የለመኑንን የራሳችንን አባቶች መልሰን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ካለቀ በኋላ በአስተርጓሚ አገር የታረቅነው እኛ ነን። ያንን ፎቶግራፍ ከስልኬ አላጠፋሁትም። ሆን ብዬ ነው።

«ሽማግሌ በመንግሥት ሲላክ ምን ይደረጋል?» የሚለውን ጥያቄ ግን በቀላሉ የማልፈው አይደለም። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የቅንጅት መሪዎች የተፈቱት በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የተመሩ ሽማግሌዎች ቃሊቲ ተመላልሰው ነው። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም አብሯቸው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ገና የሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ። ሽምግልና ሥራ እንጂ ዕድሜ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም.፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ እንደገና ታሰረች። ጥፋቷ ስዊድን ላይ ስለ አፈታታቸው በተናገረችው ነገር ነው፤ ነገሩ በሽማግሌ እንዳለቀ መናገሯ። መንግሥት «ይቅርታ ጠይቀሽ ነው የወጣሽው፣ ቃልሽን አስተባብይ» አላት፤ እምቢ አለች። ሃያ አንድ ወር ገደማ ተቀመጠች። ሽምግልና በእኛ ባህል የቃል ነገር ነው፤ ሽማግሌው የቃሉ ምስክር ነው። ነገሩ ሲያከራክር «እንዲህ ነበር የተባለው» ብሎ በመሐል መቆም የእሱ ፈንታ ነው። እኔ በበኩሌ በዚያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ የጠበቅሁትን ያህል የጎላ ድምፅ አልሰማሁም፤ ቅሬታዬ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሆኖም ቅሬታ ያለው ሰው ወቅሶ ይቀመጣል እንጂ ሽምግልናን ራሱን ከነመሠረቱ አያፈርስም። እኛ ያደረግነው ሁለተኛውን ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በውጭ ባለው ተቃዋሚ ዘንድ «ሽማግሌ» የሚለው ቃል ራሱ መሳለቂያ ሆነ። በ2012ቱ ሳቃችን ውስጥ ይህም ነበረበት።

ሌላም የማስበው ነገር አለ። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣኑን ያስረከበ ሉባ ዩባ ይሆናል። ዘመኑ ሲያልቅ አይታሰርም፣ አይሰደድም፤ ተረኛውን የሚመክር ወገን ውስጥ ይገባል። የወሎን አበጋሮች፣ የጉራጌን የጆካ ሸንጎ ብትወስዱም በየራሳቸው መንገድ ልምድ የሚቀመጥበት ቦታ አላቸው። በማዕከላዊው መንግሥታችን ግን ከሥልጣን የወረደ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ኖሮ አያውቅም። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በ1994 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ወጡ። ለዜጎች መብት ለመከራከር በ1997ቱ ምርጫ በግል ሲወዳደሩ በሕግ የተሰጣቸውን ጥቅማ ጥቅም አጡ። የአንድን አገር ርእሰ ብሔር መኪናና ቤት የሚነጥቅ መንግሥት ከእሳቸው ምን ሊማር ይችላል? እኛስ? እሳቸው ወደ ተቃዋሚው ጎራ ሲመጡ ከውስጥ ያዩትን ንገሩን ብለን በአግባቡ ጠየቅናቸው? ብዙዎቻችን «ትናንት የት ነበሩ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር የቆምነው።

«ትናንት የት ነበርክ?» በነገራችን ላይ የእኛ ፖለቲካ የተወደደ ጥያቄ ነው። ልምድ ያለው ሰው ሁሉ ትናንት የሆነ ቦታ ነበረ፤ ልምዱን ያገኘውም እዚያ ነው። ትናንት የትም ያልነበረ ሰው ብቻ ይናገር ካልን ሕፃናቱን መጠበቅ ሊኖርብን ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ልጁ የጠየቀኝን ሽማግሌ ሳስብ ከጋሼ ሌላ ሰው አልመጣልኝም። ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ቅዳሜ ሄጄ አየኋቸው። ቡና ተፈላ። መጀመሪያ ያልኳቸው ከሃያ ዓመት በፊት ማለት የነበረብኝን ነው፤ «ጋሼ፣ ያን ዕለት ልነሣ ሲገባኝ ስላልተነሣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ለመሆኑ ያ ገንዘብ መጨረሻው ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። ግማሹን ጠበቆች እንደበሉት፣ የቀረው ከዓመት በላይ ቆይቶ እንደተላከ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ «ብያችሁ ነበር» አላሉኝም።

ከዚያ ስለ መጪው ስብሰባ አነሣሁ። ለአዘጋጆቹ ደውዬ ለጋሼ ሃያ ደቂቃ ስጧቸው፣ ስለ 1963ቱም ስለ 1998ቱም መሰንጠቅ ያዩትን ይናገሩ ብዬ ለምኜ ነበር። ልጆቹ ተመካክረው መለሱልኝ፤ መርሐ ግብሩ ስለተጣበበ ለቡራኬ የተያዘችው አምስት ደቂቃ ብቻ ናት አሉኝ። ይህንኑ እያፈርኩ ለጋሼ ነገርኳቸው።

ሳቁ። «አምስት ደቂቃ ትበቃኛለች» አሉ። «ቡራኬውን ግን ለቄሱ ስጡልኝ።»